የአሮጌ ሞተር ሳይክል ቫልቭ ክፍተት አስተካከል፦ ሆንዳ ሲጂ 125 ተፈትቶ ሲገጠም

ሲሊንደሩ ሬቲፊካ (ብረት መላጫ ቤት) ደርሶ መጥቶ፣ ፒስተንና ፋሻው ተቀይሮ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ መጨረሻ ላይ አንድ ሥራ ይቀራል። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል፣ ጋራዥ ውስጥ ፑንተሪያ ማስተካከል የሚባለው። ቫልቭ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅና አየር የሚያስገባው ወይም ጭሱን የሚያስወጣው በር ነው፤ ክፍተቱም በእሱና በሚጫነው ክንድ መካከል የሚተወው ትንሽ ቦታ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ለመስማት ስለሚቸኩል ነካ ነካ አድርጎት ያልፋል። እኔ ግን ተፈትቶ የተሠራ ሞተር ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ምሳሌ የማደርገው ሆንዳ ሲጂ 125ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሞተር ነው። ካሙ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ አይደለም፣ ታች ነው ያለው፤ በጥርስ ነው የሚዞረው፣ የካም ሰንሰለት የሚባል ነገር የለውም። አንዲት የካም ጉብታ ሁለቱንም ቫልቮች ታሠራለች። ግፊቱ ፑሽ ሮድ በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፑሽ ሮዶቹ ሮከር የሚባሉትን ክንዶች ይገፋሉ፣ ሮከሮቹ ቫልቮቹን ይጫናሉ። የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ አሠራር ገልብጠው በብዛት ስላመረቱት፣ ሆንዳ የሚል ጽሑፍ የሌለበት ሞተር ይዛችሁም ውስጡ ሲጂ ሊሆን ይችላል። የድሮ ቬስፓ ወይም ያማሃ ዲቲ ያላችሁ ግን ሁለት ስትሮክ ስለሆኑ ይሄ ሥራ አይመለከታችሁም። የሚስተካከል ቫልቭ የላቸውም።

ክፍተቱ ለምን አስፈለገ? ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ኤግዞስት ቫልቩ (ጭሱን የሚያስወጣው) ሥራ ላይ ሲሆን ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፣ ግንዱም ይረዝማል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቫልቩ ጫፍና በሮከሩ መካከል ምንም ቦታ ካልተውንለት፣ ሲሞቅ ሮከሩ ላይ ይደገፍና መቀመጫው ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። ቫልቭ ደግሞ ሙቀቱን በዋናነት የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ቁጭ ባለበት ሰዓት ነው። ካልተቀመጠ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፤ በዚያ ላይ እሳቱ በቀጭኗ ሽንቁር እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ቫልቭ ተቃጠለ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው።

ክፍተቱ ሲሰፋስ? ይንኳኳል። ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈትና ቀድሞ ይዘጋል፣ ሞተሩ ትንሽ ጉልበት ያጣል፣ በጣም ሲሰፋ ደግሞ የሮከሩንና የቫልቩን ጫፍ ይቀጠቅጠዋል። ጥሩ አይደለም። ግን ቢያንስ ይሰማል፤ ጆሮ ያለው ሰው ሰምቶ ያስተካክለዋል። የጠበበው ግን ድምፅ የለውም። እንዲያውም ሞተሩ ጸጥ ስለሚል ጥሩ የተሠራ ይመስላል። ባለቤቱም ደስ ይለዋል፣ ኤግዞስት ቫልቩ ግን እየተቃጠለ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ባለቤት መጥቶ «ትንሽ ይጮሃል፣ አጥብቅልኝ» ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ክፍተቱ ልክ ከሆነ ቀለል ያለ፣ እኩል የሚመታ ቲክ ቲክ መኖሩ ጤንነት ነው ብላችሁ አስረዱት።

ለሲጂ 125 ቁጥሩ 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ ለኢንቴኩም (ነዳጅና አየር ለሚያስገባው ቫልቭ) ለኤግዞስቱም፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ። ይሄን ቁጥር ወደ ሌላ ሞተር እንዳትወስዱት። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ኢንቴኩ 0.05፣ ኤግዞስቱ 0.08 ነው። የድሮው ትራያምፍ ቦነቪል ቲ120 0.05 እና 0.10 ነው። ቢኤምደብሊው አር75/5 ደግሞ 0.15 እና 0.20 ድረስ ይሄዳል። ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ላይ ጭራሽ በመለኪያ አይሠራም፤ ፑሽ ሮዱ በጣት ሲያሽከረክሩት በነፃነት እየዞረ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እንዳይጫወት ተደርጎ ነው የሚተወው። ልዩነቱ የሚመጣው ፑሽ ሮዱ ከተሠራበት ብረት፣ ሲሊንደሩና ቴስታታው ሲሞቁ ከሚያድጉበት መጠንና ከካሙ ቅርጽ ነው። የቻይና ሞተር ከሆነም አብሮት የመጣው መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ፊለሩን (ክፍተት የሚለካበትን ቀጭን የብረት ቅጠል) ከማንሳታችሁ በፊት ግን ከሥር ያለው ሥራ ማለቅ አለበት፤ ባላለቀ ሥራ ላይ የተለካ ክፍተት ነገ ሌላ ቁጥር ሆኖ ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ የቫልቮቹ መቀመጫ። በፓስታ (ብረት በሚፈጭ ቅባት) ተፈጭተው ሲያልቁ ጠርዛቸው ዙሪያውን ያልተቆረጠ ግራጫ ቀለበት ማሳየት አለበት። ፓስታውን በደንብ አጥባችሁ አውጡት፣ የቀረች ቅንጣት ካለች ግንዱንና ግንዱ የሚመላለስበትን ቱቦ ትፈጫለች። ከዚያ ሞላዎቹን ገጥማችሁ ቴስታታውን የኢንቴኩ ቀዳዳ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በቀዳዳው ቤንዚን አፍስሱበት፤ በማቃጠያው በኩል ሆናችሁ የቫልቩን ጠርዝ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ደህና፣ ከወረዛ ተመልሶ ይፈጫል። ኤግዞስቱንም እንደዚሁ። ይሄ ሳይደረግ ክፍተት ቢለካ ቫልቩ ሥራ ላይ ገና እየሰመጠ ቦታውን ይይዛል፣ በሰመጠ ቁጥር ግንዱ ወደ ሮከሩ ይጠጋል፣ ክፍተቱም ይጠባል።

ሞላዎቹ ከተገጠሙ በኋላ የቫልቩን ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ ለስለስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱት። ግንዱን የሚቆልፉት ሁለቱ ትንንሽ ግማሽ ክቦች ጉሮሯቸው ውስጥ በደንብ እንዲገቡ ነው። ሳይገቡ ቀርተው ሞተሩ ሲነሳ ቢገቡ የለካችሁት ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ የብዙ ሰው ዓይን የሚያልፈው ቦታ፦ የሮከሩ ማስተካከያ ብሎን ጫፍና የቫልቩ ግንድ ጫፍ። በአሮጌ ሞተር ላይ የብሎኑ ጫፍ ከመቀጥቀጥ ብዛት መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፣ በጥፍራችሁም ዳሱት። ፊለር ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም፣ ከላዩ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚያልፈው። እናንተ 0.08 ብላችሁ የለካችሁት ስለዚህ በእውነቱ 0.08 ሲደመር የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። ሞተሩም ይጮሃል፣ እናንተም ደጋግማችሁ ለክታችሁ ልክ ነው ትላላችሁ። መፍትሔው ብሎኑን መቀየር ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ዕቃ አንፃር ትንሽ ነው። በእጅ ሞርዶ ማስተካከል አልመክርም፣ የጫፉ ጥንካሬ ላዩ ላይ ስለሆነ ያ ከተነሳ በኋላ ያለው ብረት ቶሎ ያልቃል።

ፑሽ ሮዶቹን መስታወት ላይ አንከባሉ። የጎበጠ ካለ ሲንከባለል ይዘላል፣ ተቀያሪ ነው። ሲገጠሙ የታችኛው ጫፋቸው ጎድጓዳ መቀመጫው ውስጥ በትክክል መግባቱን በእጅ ነቅነቅ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ከመቀመጫው ጎን ላይ ቆሞ ቴስታታው ከጠበቀበት ፑሽ ሮዱ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ ሲጂን ከሲቢ የሚለየውን ነገር አስታውሱ። ካሙ ቴስታታ ላይ ባለበት ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ ጋር ሲገጠም መሃላቸው የሚገባው ማሸጊያ) ቢወፍርም ቢቀጥንም የቫልቩን ክፍተት አይነካውም፤ ካሙም ሮከሩም ቫልቩም አብረው ነው ከፍ ዝቅ የሚሉት። ሲጂ ላይ ግን ካሙ ታች ነው። ቴስታታው ለመላጨት ሬቲፊካ ሄዶ ከነበረ፣ ወይም ቀጭን ጓርኒሲዮን ከገባ፣ ሮከሮቹ ወደ ካሙ ይጠጋሉ፣ ፑሽ ሮዱም እንደረዘመ ይቆጠራል። ክፍተቱ ይጠባል ማለት ነው። ብዙ ከተላጨ ማስተካከያው ብሎን እስከ መጨረሻው ተፈትቶም ቦታ ላይበቃ ይችላል። የድሮው ክፍተት እንዳለ ይቆያል ብሎ ማሰብ የማይቻለው ለዚህ ነው።

የቴስታታውን ዳዶዎች በቶርክ ሬንች፣ በመጽሐፉ ቁጥር፣ በሰያፍ እያቀያየራችሁ፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። በእጅ ግምት አይሆንም።

አሁን መለካት ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከ35 ዲግሪ በታች። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ይሄ ምንም አያስቸግርም፤ ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ሳይነሳም ሙቅ ስለሆነ ጥላ ውስጥ አሳድሩትና በማለዳ ሥሩት። የቴስታታውን ክዳን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉት፣ አቧራው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ካንዴላውን አውጡ፣ ሞተሩ ያለ ኮምፕሬሽን በቀላሉ ይዞራል። ማርሹን ዜሮ (ኒውትራል) ላይ አድርጉት።

በግራ በኩል ቮላኖው (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ክብ ከባድ ብረት) አለ። ክዳኑ ላይ ክብ መመልከቻ ካለ እሱን ክፈቱ፣ ከሌለ ክዳኑን አውርዱ። ቮላኖውን በመሃሉ ዳዶ ይዛችሁ ከግራ በኩል ስታዩት ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አዙሩት። ሞተሩ ሲሠራም የሚዞረው እንደዚያ ነው። ቮላኖው ላይ ኤፍ እና ቲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ከነመስመራቸው ታገኛላችሁ። ኤፍ ቀድማ ነው የምትመጣው፣ እሷ የካንዴላው እሳት ምልክት ናት፣ እለፏት። የእኛዋ ቲ ናት፤ መስመሯ ከክራንክ ቤቱ ምልክት ጋር ልክ ሲገጥም ፒስተኑ ከፍተኛው ቦታ ላይ ነው።

ግን ፒስተኑ በአንድ ሙሉ ሥራ ሁለት ጊዜ ነው እዚያ የሚደርሰው። አንዴ በኮምፕሬሽን፣ ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቶ። አንዴ ደግሞ ጭሱ ወጥቶ ሲያልቅና አዲሱ ሊገባ ሲል፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተከፍተው። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ለመለየት ኢንቴክ ሮከሩን ተመልከቱ፤ በካርቡራተሩ በኩል ያለው ነው። እያዞራችሁ ቫልቩን ወደ ታች ተጭኖ ከተመለሰ በኋላ የምትመጣዋ ቲ የኮምፕሬሽን ናት። ከዚያ ሁለቱንም ሮከር በጣት ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ መጫወት አለባቸው። ድርቅ ብለው ከተያዙ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ጨምራችሁም ከተያዙ ክፍተቱ ጭራሽ የለም፣ ብሎኑን መጀመሪያ ላላ አድርጉ። ቲ ካለፈቻችሁ ወደ ኋላ ከመመለስ ዙራችሁ እንደገና መምጣት ይሻላል።

ስለ ፊለር አንድ ነገር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚገኙት አንዳንዶቹ ከ0.05 ቀጥታ ወደ 0.10 ይዘላሉ። 0.08 ያለውን ፈልጋችሁ ግዙ። ካጣችሁ 0.05ና 0.03 ደርቦ መጠቀም ይቻላል፣ ሁለቱም ንጹሕና ያልተጣጠፉ ከሆኑ። በወረቀት የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ ተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ ሲጫኑትም ይረገጣል፣ ስለዚህ መለኪያ አይደለም።

ቅጠሉን ጠርጋችሁ ቀጭን ዘይት ቀቡት። በብሎኑ ጫፍና በቫልቩ ግንድ መካከል ሳትገፉት ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። የመቆለፊያውን ዳዶ ፍቱ፣ ብሎኑን በትንሹ እያዞራችሁ ቅጠሉን ወዲያ ወዲህ ሳቡት። የምትፈልጉት ስሜት ለስላሳ መያዝ ነው። ቅጠሉ ይሄዳል፣ ግን እንደያዘው ይታወቃችኋል። እየተጣጠፈ ካልገባ ጠቧል፤ ያለ ምንም ስሜት የሚንሸራተት ከሆነ ሰፍቷል። ስሜታችሁን ካላመናችሁ በሁለት ቅጠል ፈትኑት፦ 0.08 ይግባ፣ 0.10 እምቢ ይበል። የብሎኑ ጥርስ 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ክፍተቱን በ0.5 ይለውጠዋል፤ 0.08 ማለት የአንድ ዙር አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ናት። ስለዚህ እጃችሁ በጣም በትንሹ ነው መንቀሳቀስ ያለበት።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ክፍተቱ ልክ ነው፣ ዳዶው ሊቆለፍ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን አብሮት ይጎትተዋል፣ የሚጎትተውም ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ ነው፤ 0.08 የነበረው 0.05 ሆኖ ይቆለፋል። ስለዚህ በአንድ እጅ ብሎኑን በራሱ መያዣ ጥርቅም አድርጋችሁ ያዙት፣ በሌላው ዳዶውን አጥብቁ፣ ቅጠሉ እዚያው እንዳለ። ከተቆለፈ በኋላ ቅጠሉን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡት። ስሜቱ ከተለወጠ ከነበረው ትንሽ አስፍታችሁ ጀምሩና ስትቆልፉ ወደ ልኩ እንዲመጣ አድርጉ። ይሄን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ነው፣ አትሰልቹ። ዳዶውንም ጉልበት አታብዙበት፣ ጥርሱ ትንሽ ነው፣ ይላጣል።

ሁለቱም ካለቁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ወደዚያችው ቲ ተመለሱና እንደገና ለኩ። ካሙ፣ ፑሽ ሮዱና ሮከሩ አንዴ ሲንቀሳቀሱ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ የተለወጠ ነገር ካለ አሁን ነው የሚታየው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ከተወላወላችሁ ሰፋ ወዳለው አዘንብሉ፣ በተለይ ኤግዞስቱ ላይ። ከመዝጋታችሁ በፊት ሮከሮቹ ላይ ንጹሕ ዘይት አፍስሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ዘይቱ ላይ እስኪደርስ ደረቅ እንዳይሠሩ። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ቀይሩት።

አስነሱት። በሚኒሞ እንዲሞቅ ተዉት፣ ጋዝ አታስጩሁት። ቀለል ያለ ቲክ ቲክ ከሰማችሁ ደህና ነው። ከዚያ አጥፉትና አንድ ሌሊት ይደር።

በማግስቱ ሥራው ይቀጥላል፣ ብዙ ሰው ግን አልቋል ብሎ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን የመጀመሪያውን ሙቀት ሲቀምስ ይረገጣል፣ የቴስታታው ዳዶዎች ላላ ይላሉ። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች እንደገና ፈትሹ። ሲጂ ላይ ቴስታታው በጠበቀና በወረደ ቁጥር የቫልቩ ክፍተት እንደሚጠብ ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ከዳዶዎቹ በኋላ ክፍተቱን እንደ አዲስ ለኩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፦ ዳዶ መጀመሪያ፣ ክፍተት ቀጥሎ። ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንዴ፣ በኋላ ደግሞ በየ3000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ብታዩት ይበቃል።

በመሃል ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ቀዝቃዛ ሳለ ቶሎ ይነሳል፣ ሲሞቅ ግን መነሳት እምቢ ይላል። የእግር ማስነሻውን ስትረግጡት ድሮ የነበረው ግፊት ይላላል። ሚኒሞው ይዋዥቃል። በካርቡራተሩ በኩል ወደ ኋላ የሚያስነጥስ ከሆነ ኢንቴኩን ጠርጥሩ፤ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል የሚተኩስ ከሆነ ኤግዞስቱን። ይሄን ሲያሳይ ካርቡራተር መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ፊለሩን አንሱ።

አንድ ደብተር ያዙ። ስታስተካክሉ ወደ ስንት እንዳመጣችሁት ብቻ ሳይሆን ስትከፍቱ ስንት ሆኖ እንዳገኛችሁት ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ቫልቭ ለየብቻ፣ ከኪሎ ሜትሩ ጋር። ኤግዞስቱ በከፈታችሁ ቁጥር ጠቦ የሚገኝ ከሆነ ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ወይም ግንዱ እየተለጠጠ ነው፤ እያሰፉ መሄዱ አያዋጣም፣ ቴስታታው መውረድ አለበት። ኢንቴኩ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ የብሎኑን ጫፍ፣ ሮከሩንና ፑሽ ሮዱን እዩ፤ ሁለቱም ቫልቮች አብረው እኩል እየሰፉ ከመጡ ግን የሚጋሩት ያቺኑ አንድ የካም ጉብታ ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ታች፣ ወደ ካሙ ይወርዳል። እዚያ ከደረሰ የዘይቱን ሁኔታ ፈትሹ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረም ደብተሩ ላይ ፈልጉ።